ሲሮጡ የታጠቁት፦ የዴብሩይነ ሀምስትሪንግ እና ሁለቱ አመላለሶች

ኦገስት 11 ቀን 2023 ዓርብ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 5 ቀን 2015፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። የፕሪምየር ሊጉ አዲስ ዘመን በበርንሌይ እና በማንችስተር ሲቲ ጨዋታ ተከፈተ። የሲቲው አጥቂ ሃላንድ ገና በ4ኛው ደቂቃ አገባ። በ23ኛው ደቂቃ ግን የሲቲው አማካይ ኬቨን ዴብሩይነ ከሜዳ ወጣ፤ በምትኩ ማቴዮ ኮቫቺች ገባ። ከጨዋታው በኋላ አሰልጣኙ ፔፕ ጓርዲዮላ የሰጠው ማብራሪያ አጭር ነበር። ጉዳቱ ሀምስትሪንጉ ማለትም የጭኑ ጀርባ ጡንቻ ላይ፣ ያው የበፊቱ ቦታ ላይ ነው አለ።

ያው የበፊቱ ቦታ። ስፖርት የሚሠራ ሰው ከሐኪም አፍ መስማት የማይፈልገው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። በየሰፈሩ ሜዳ ቅዳሜና እሁድ ኳስ የሚጫወቱ፣ በጠዋት ተነስተው መስቀል አደባባይ የሚሮጡ ልጆች ደጋግመው የሚጎዱት በዚህ ጡንቻ ነው። ታሪኩ ይመሳሰላል። አንዱ ይጎዳል። ሁለት ሦስት ሳምንት ያርፋል። ሕመሙ ይጠፋል። ይመለሳል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ጨዋታ ያገረሽበታል። ሦስተኛ ጊዜ ሲደገም «በቃ እግሬ ተበላሽቷል» ብሎ ጫማውን ይሰቅላል። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ብዙው ሊቀር የሚችል ነበርና።

የዴብሩይነ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሰውየው አንድ ነው፣ ጡንቻውም አንድ። ወደ ሜዳ የተመለሰው ግን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት በጣም የተለያየ መንገድ ነው። በርንሌይ ላይ ያየነው የመጀመሪያው መመለስ ነበር። ቀኖቹን ከዚህ በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የጨዋታዎቹ መዝገብ በዚያ ስለሆነ አንባቢ ራሱ ማመሳከር ይችላል።

ከኢስታንቡል በፊት የነበረው ሕመም

በ2023 ጸደይ ሲቲ ሦስት ዋንጫ እያሳደደ ነበር። ኤፕሪል ላይ በቻምፒየንስ ሊጉ ሩብ ፍጻሜ ከባየርን ሙኒክ ጋር ተጫወተ። ዴብሩይነ በኋላ ላይ እንደተናገረው፣ ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ለሁለት ወር ያህል ከሀምስትሪንጉ ጋር ሲታገል ከርሟል። እንዲያም ሆኖ ኤፕሪል 26 ሲቲ አርሰናልን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ ሁለቱን ጎል ያገባው እሱ ነው። ሜይ 9 በርናቤው ላይ ከሪያል ማድሪድ ጋር አቻ ያደረጋቸውም ጎል የእሱ ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የተጎዳ ጡንቻ ይዞ እንዲህ መጫወት ይቻላል ማለት ነው። ጡንቻ እስኪበጠስ ድረስ ይሠራል። «ባለፈው ሳምንት ተጫውቼበት ምንም አልሆንኩም» የሚለው ንግግር ለዚህ ነው ማስረጃ የማይሆነው። ምንም ያልሆንከው ምናልባት ገና ስላልደረሰብህ ነው።

ጁን 10 ኢስታንቡል ላይ ደረሰበት። የፍጻሜ ጨዋታ ከኢንተር ሚላን ጋር። በ36ኛው ደቂቃ ዴብሩይነ ወጣ፣ ፎደን ገባ። ሮድሪ በ68ኛው ደቂቃ ባገባው ጎል ሲቲ ዋንጫውን አነሳ። ዴብሩይነ ከጓደኞቹ ጋር ሲጨፍር፣ እሱ ራሱ እንደነገረን፣ ጡንቻው ተበጥሶ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ፖርቶ ላይ ከቼልሲ ጋር በተደረገው ፍጻሜም የአፍንጫውና የዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰብሮ ነው የወጣው። ሁለት የሕይወቱ ትልልቅ ጨዋታዎች፣ ሁለቱንም ሳይጨርስ። የኢስታንቡሉ ዕለት ዕድሜው 31 ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ 32 ሞላው። ዕድሜና የቀድሞ ጉዳት ለዚህ ጡንቻ ዋነኞቹ ጠላቶች ናቸው። እሱ ሁለቱም ነበሩበት።

ጡንቻው ምን ይሠራል?

በስፖርት ዜና «ሀምስትሪንግ» ሲባል የምንሰማው በጭናችን ጀርባ ያሉትን ሦስት ጡንቻዎች ነው። በዋናነት ከመቀመጫ አጥንት ይነሳሉ። በጭን ጀርባ ወርደው ከጉልበት በታች ይያያዛሉ። ስለዚህ ሁለት መገጣጠሚያ ይሻገራሉ፤ ዳሌን እና ጉልበትን። ጣጣቸው የሚመጣው ከዚህ ነው።

በሙሉ ፍጥነት ስንሮጥ እግራችን ወደ ፊት ይወረወራል። መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ጉልበት ይዘረጋል፣ ዳሌ ደግሞ ታጥፎ ነው ያለው። በዚያች ቅጽበት ሀምስትሪንግ በላይም በታችም ይወጠራል። ሥራውም ያኔ ነው የሚከብደው። የሚወረወረውን እግር ፍሬን ይይዛል። ገመድ ጉተታ ላይ ወደ ፊት እየተጎተተ ገመዱን ግን አልለቅም ያለ ሰው አስቡ። እንደዚያ ነው። እየረዘመ ይጎትታል። የሚበጠሰው በዚህ ሰዓት ነው። ቀስ ብሎ መሮጥ ይህን ጫና አያመጣውም። ፍጥነቱ ወደ ሙሉው ሲጠጋ ጫናው በአንዴ ያሻቅባል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በሩጫ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በውጭ በኩል ያለው ባይሴፕስ ፌሞሪስ የሚባለው ነው። ሌላ ዓይነት ጉዳትም አለ። እግርን ከፍ አድርጎ ሲመቱ ወይም ከልክ በላይ ሲዘረጉ የሚመጣ። ይሄኛው በመጀመሪያው ቀን ቀለል ያለ ይመስላል። ለመዳን ግን ብዙ ጊዜ ከሩጫው ይረዝማል። የስንጥቁ ቦታም ይለያያል። ሥጋው ብቻ ከተሰነጠቀ ቶሎ ይጠግናል። ስንጥቁ ወደ ጅማቱ ከዘለቀ ግን ጊዜው ይረዝማል፣ የማገርሸት ዕድሉም ይጨምራል። ስለዚህ «ጓደኛዬ በሦስት ሳምንት ነው የተመለሰው» የሚለው ንጽጽር አይሠራም። የጓደኛህ ስንጥቅ ሌላ ነው።

62 ቀን

ከጁን 10 እስከ ኦገስት 11 ድረስ 62 ቀን ነው። ለሀምስትሪንግ ይህ ትንሽ ጊዜ አይደለም። በትላልቅ ክለቦች አብዛኛው የዚህ ጡንቻ ጉዳት በሳምንታት የሚቆጠር ነው።

ኦገስት 6 ዌምብሌይ ላይ የኮሚኒቲ ሺልድ፣ ማለትም የዘመኑ መክፈቻ ዋንጫ ጨዋታ ከአርሰናል ጋር ተደረገ። ዴብሩይነ በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይሮ ገባ። ጨዋታው ወደ መለያ ምት ሄዶ እሱ የመታው ኳስ አግዳሚውን ገጨ፣ ዋንጫውም ለአርሰናል ሆነ። ከ5 ቀን በኋላ በርንሌይ ላይ ከመጀመሪያው ደቂቃ ተሰለፈ። 23 ደቂቃ ቆየ።

ከውጭ ሆኖ የሲቲን ሐኪሞች መክሰስ ቀላል ነው። እኔ አልከሳቸውም። መሣሪያው አላቸው፣ ዕውቀቱም አላቸው። እንዲያውም ልቤን የሚያስደነግጠው ይህ ነው። እነሱ ዘንድ ከተፈጠረ የትም ይፈጠራል። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋ የታላላቅ ክለቦችን ጉዳት ከ2001 ጀምሮ ሲያስመዘግብ ኖሯል። በ2001/02 የውድድር ዘመን ከጠቅላላው ጉዳት የሀምስትሪንግ ድርሻ 12 በመቶ ነበር። በ2021/22 24 በመቶ ደረሰ። እጥፍ ማለት ነው። ከተመዘገቡት የሀምስትሪንግ ጉዳቶች ውስጥ 18 በመቶው ያገረሸ ጉዳት ነው። ካገረሹት ውስጥ ደግሞ 69 በመቶው የተከሰተው ተጫዋቹ በተመለሰ በሁለት ወር ውስጥ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እኛ ወደ ሜዳ የገባንበትን ቀን የሕክምናው መጨረሻ አድርገን እናየዋለን። ቁጥሩ የሚለው ግን ከዚያ በኋላ ገና ሁለት ወር ሕክምና ይቀራል ነው። የመግቢያው ቀን መሐል ላይ ነው ያለው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ? ከነዚያ ሁለት ወራት በፊት «ድኛለሁ» ማለት እየሮጡ መታጠቅ ነው።

ሕመሙ ከጠፋ በኋላ ጡንቻው ምን ይጎድለዋል? ብዙ ነገር። ስንጥቁን የደፈነው ጠባሳ እንደ ጡንቻው አይለጠጥም። አንጎል ደግሞ የተጎዳውን ጡንቻ ይሳሳለታል። ሙሉ ኃይሉን እንዲያወጣ አይፈቅድለትም፣ በተለይ በተለጠጠበት አቋም። ሰውየው ይህን አያውቀውም። ሲራመድ አያመውም፣ ሶምሶማ ሲሮጥ አያመውም፣ ደረጃ ሲወጣ አያመውም። ከዚህ ላይ ደግሞ ለሳምንታት ሙሉ ፍጥነት አልሮጠም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። በሩጫ ጡንቻው በእውነት የሚፈተነው በሙሉ ፍጥነት ነው። ያንን ፈተና በልምምድ ላይ ደጋግሞ ካላለፈ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተነው ጨዋታ ላይ ነው። ተጋጣሚ ከኋላው እየመጣ፣ ኳሱ እያመለጠው፣ ደጋፊ እየጮኸ። እዚያ ላይ ማንም ፍጥነቱን አይመጥንም።

149 ቀን

ከበርንሌይ በኋላ ጓርዲዮላ ጉዳቱ ከባድ መሆኑን፣ ለሦስት አራት ወራት እንደሚያርቀው ተናገረ። ዴብሩይነ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቀዶ ሕክምና ለብዙ የሀምስትሪንግ ጉዳት አያስፈልግም። ጅማቱ ከአጥንት ሲላቀቅ፣ በሰፊው ሲበጠስ ወይም እንዲህ ሲደጋገም ነው ሐኪሞች የሚያስቡት። ስለዚህ ሁለቱን አመላለሶች ስናነጻጽር ይህን ልዩነት መርሳት ተገቢ አይሆንም። ሁለተኛው ጊዜ የተሻለው በትዕግሥት ብቻ አልነበረም፤ የተሰፋም ነገር ነበረው።

ቢሆንም የትዕግሥቱ ድርሻ ትልቅ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ በቀን በቀኑ ልንገራችሁ፤ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የምወደው ክፍል ነው።

ዲሴምበር 30 ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር በነበረው ጨዋታ ዴብሩይነ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሲቲ 2 ለ 0 አሸነፈ። እሱ አንድም ደቂቃ አልተጫወተም።

ጃንዋሪ 7 ቀን 2024፣ እሑድ። ለእኛ የገና ዕለት ነበር። ሰው ዶሮውን በልቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ቴሌቪዥን ሲከፍት ሲቲ በኤፍኤ ካፕ ከሀደርስፊልድ ጋር ይጫወታል። ሀደርስፊልድ ከታችኛው ዲቪዚዮን ነው። ዴብሩይነ በሁለተኛው አጋማሽ ገባ። ስታዲየሙ ቆሞ ተቀበለው። የቡድን ጓደኛው ዶኩ ላገባው ጎል ኳሱን አቀበለ። ጨዋታው 5 ለ 0 አለቀ። ከበርንሌይ ምሽት እስከዚህ ቀን 149 ቀን ነው።

ከ6 ቀን በኋላ ኒውካስል ላይ እንደገና ከተቀያሪ ወንበር ተነሳ። ሲቲ 2 ለ 1 እየተመራ ነበር። በ69ኛው ደቂቃ ገባ። በ74ኛው አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ለወጣቱ ኦስካር ቦብ ያሻገረለት ኳስ ጎል ሆነ። 3 ለ 2። ያን ምሽት ያየ የኳስ አፍቃሪ አይረሳውም። አብዛኛው ሰው ስለዚያ ኳስ ያወራል። እኔ ግን የማስበው ስለ ደቂቃዎቹ ነው። ያን ያህል ያስፈልግ የነበረ ሰው፣ ቡድኑ እየተመራ፣ 69 ደቂቃ ድረስ አልገባም።

ጃንዋሪ 26 ቶተንሃም ላይ በኤፍኤ ካፕ እንደገና ተቀይሮ ገባ። ጃንዋሪ 31 በሊጉ ጨዋታ ከመጀመሪያው ተሰለፈ። ተጋጣሚው ማን ነበር? በርንሌይ። 3 ለ 1 አሸነፉ።

ሁለቱን አስተያዩ። በመጀመሪያው ጊዜ ተቀይሮ ከገባበት ቀን እስከ ተሰለፈበት ቀን 5 ቀን ነው። በሁለተኛው ጊዜ 24 ቀን ነው። በዚያ ላይ ከ24ቱ በፊት ወንበር ላይ ብቻ የተቀመጠበት አንድ ጨዋታ አለ። ፌብሩዋሪ 13 ኮፐንሃገን ላይ አንድ አግብቶ ሁለት አቀበለ። ፌብሩዋሪ 27 ሉተን ላይ ሃላንድ አምስት ሲያገባ አራቱን ያቀበለው ዴብሩይነ ነው። ማርች 10 አንፊልድ ላይ ጨዋታው ሳያልቅ ሲቀየር በግልጽ ተናደደ፤ ካሜራው ፊቱን አሳየን። ማንኛውም ተጫዋች ይናደዳል። አሰልጣኙ ግን አወጣው። በዚያ ዓመት በሊጉ 18 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ 4 ጎል አግብቶ 10 አቀበለ። ሲቲም ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

ማንቸስተር ያለው እኛ ጋ የለም፤ ግን

ይህን ሲያነብ «እነሱ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ኤምአርአይ መሣሪያ አላቸው፣ እኔ ምን አለኝ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እኛ ዘንድ ያለው ሌላ ነው። በኛ ሜዳ ሰው ሲወድቅ የሚጠራው ወጌሻ ነው። የሬዲዮ ጋዜጠኞቻችን የትልልቅ ክለቦችን የሕክምና ባለሙያ ሳይቀር «ወጌሻው ገብቷል» ነው የሚሉት። ቃሉን እወደዋለሁ። ለወለምታ ብዙ ሰው የረዱ ወጌሾችም አሉ። ለተሰነጠቀ ጡንቻ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠንከር ያለ መታሸት መድኃኒት አይደለም። ውስጥ ገና እየደማ ያለን ነገር ማሸት የበለጠ ያደማዋል። ትኩስ ነገር መያዝም ያው ነው። በዚያን ሰዓት ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ፣ ጠበቅ ባለ ፋሻ ማሰር፣ ቀስ ብሎ መራመድ ይሻላል።

ሲጎዱ «ቷ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ እግሩን መርገጥ ካቃተ፣ በማግሥቱ የጭኑ ጀርባ በሰፊው ከበለዘ፣ ወይም ሕመሙ መቀመጫ አጥንቱ ላይ ከሆነ ቤት መቀመጥ አይገባም። ሐኪም ይየው። የተላቀቀ ጅማት ሳይዘገይ ሲታይ ነው የሚሻለው።

ቀለል ያለው ጉዳት ደግሞ መተኛት አይፈልግም። ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። በ2017 የታተመ ነው። 50 አማተር ስፖርተኞች፣ ጭናቸው ወይም ባታቸው የተሰነጠቀ። ግማሾቹ በ2ኛው ቀን ቀላል እንቅስቃሴ ጀመሩ፣ ግማሾቹ በ9ኛው ቀን። ልዩነቱ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ቀድመው የጀመሩት በ62.5 ቀን ወደ ስፖርታቸው ተመለሱ። ዘግይተው የጀመሩት በ83 ቀን። የአንድ ሳምንት ዕረፍት ሦስት ሳምንት አስከፈለ። ቀድሞ መጀመር ማለት ግን ቀድሞ መሮጥ ማለት አይደለም። ሕመም በማይፈጥር መጠን ጡንቻውን ማሠራት ማለት ነው። ተንጋሎ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ከመሬት ማንሳት ጥሩ መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ሲቀል በአንድ።

ቀጥሎ ጡንቻውን እየረዘመ እንዲሠራ ማስለመድ ይመጣል። ስዊድን ውስጥ 75 የእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ጡንቻውን በተለጠጠ አቋም የሚያሠራ ልምምድ የሠሩት በአማካይ በ28 ቀን ተመለሱ። በተለመደው ልምምድ የቆዩት 51 ቀን ፈጀባቸው። ከነዚያ ልምምዶች አንዱ ቀላል ነው። በተጎዳው እግር ብቻ ቆሞ፣ ጉልበትን ትንሽ አጥፎ፣ ሌላውን እግር ወደ ኋላ፣ እጅን ወደ ፊት እየዘረጉ ጎንበስ ማለት። ጠልቆ እንደሚዋኝ ሰው። ከዚያ ቀስ ብሎ መመለስ።

ሲጠነክር ደግሞ ኖርዲክ የሚባለው አለ። ለስለስ ያለ ነገር ላይ ተንበርክከህ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን ይይዛል። ሰውነትህን ቀጥ አድርገህ ወደ ፊት ቀስ እያልክ ትወርዳለህ፣ በተቻለ መጠን እየዘገየህ። መጨረሻ ላይ በእጅህ መሬቱን ትቀበላለህ። መሣሪያ አይፈልግም፣ ገንዘብ አይፈልግም። ከ8 ሺህ በላይ ስፖርተኞችን ያካተቱ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ይህን ልምምድ የሚሠሩ ቡድኖች የሀምስትሪንግ ጉዳታቸው በግማሽ ገደማ ቀንሷል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በትንሽ ቁጥር ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። መጀመሪያ ሰሞን ጡንቻው ይዝላል፣ ያምማል፤ ይለመዳል። የሰፈር ቡድን አሰልጣኞች፣ እባካችሁ ይህን ከማሟሟቂያችሁ ጋር አስገቡት። ሌላ ምንም ባትወስዱ ይህን ውሰዱ።

ለመሮጥ መዘጋጀትህን ለማየት ቤት ውስጥ የምታደርጋቸው ነገሮች አሉ። የተጎዳውን ቦታ በጣትህ ጫን ስትለው ከሌላው ጎን የተለየ ሕመም ሊኖር አይገባም። ተንጋለህ ተረከዝህን ወንበር ላይ አድርገህ በአንድ እግር መቀመጫህን እያነሳህ ቁጠር። በጤነኛው 25 ከደረስክ በተጎዳውም እዚያ አካባቢ መድረስ አለብህ። 15 ላይ ከቀረህ መልሱን አግኝተሃል። በመጨረሻ ደግሞ ተንጋለህ የተዘረጋ እግርህን በፍጥነት ወደ ላይ ወርውረው። እዚህ ላይ ሕመም ብቻ አይደለም የሚታየው። «ፈራሁ» ብትል፣ እግርህ ሳታዘው ቢቆጠብ፣ ጡንቻው ገና ነኝ እያለህ ነው። ያንን ፍርሃት አክብረው።

ከዚያ ሩጫው። መጀመሪያ ሶምሶማ። ቀጥሎ ከ40 እስከ 60 ሜትር፣ ቀስ ብሎ እየፈጠኑ፣ ቀስ ብሎ እየበረዱ። ከሙሉ ፍጥነትህ 70 ከመቶ፣ በሌላ ቀን 80፣ በሌላ ቀን 90። በመካከሉ አንድ ቀን ዕረፍት። ሚዛኑ የማግሥቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ስትነሳ ጡንቻው ከትናንቱ የባሰ ከተያዘ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ። ካልሆነ ወደ ፊት። ሙሉ ፍጥነት ላይ ከደረስክ በኋላም በተለያዩ ቀናት ደጋግመህ ሩጠው። ከዚያ መታጠፍ፣ መቆም፣ ኳስ መምታት። ከዚያ ከልጆቹ ጋር ሙሉ ልምምድ። ጨዋታ ከዚያ በኋላ ነው።

ጨዋታውም በአንዴ አይደለም። እዚህ ላይ ሰፈር ውስጥ ከባዱ ነገር ይመጣል። እሑድ ጠዋት ሰው ይጎድላል። «ወንድሜ፣ ዛሬ ብቻ፣ ቆመህ ተጫወት» ይሉሃል። ቆሞ መጫወት የሚባል ነገር የለም፤ ኳሷ ስትመጣ ትሮጣለህ። ስለዚህ ቀድመህ ንገራቸው። «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ 20 ደቂቃ እገባለሁ» በል። የሚቀጥለው ሳምንት 30። ሲቲን የሚያህል ቡድን እየተመራ ዴብሩይነን 69 ደቂቃ ካስቀመጠው የሰፈርህ ቡድንም አንድ አጋማሽ ይጠብቅሃል። ከተመለስክ በኋላ ባሉት ሁለት ወራትም ኖርዲኩን አታቋርጥ። ብዙ ሰው ልምምዱን የሚተወው ልክ በተመለሰበት ቀን ነው። ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው።

ኔፕልስ

የዴብሩይነ ታሪክ በሻምፒዮንነት ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። በ2025 ክረምት ከሲቲ ለቆ ወደ ጣሊያኑ የኔፕልስ ከተማ ክለብ ናፖሊ ሄደ። ኦክቶበር 25 ናፖሊ በሜዳው ከኢንተር ጋር ተጫወተ። ያው የኢስታንቡሉ ኢንተር። ናፖሊ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ዴብሩይነ ሊመታ ቆመ። ዕድሜው 34።

ሙሉ ሩጫ አልነበረም፣ ተከላካይም አላሳደደውም። እግሩን ወርውሮ መታ። ዳሌ ታጠፈ፣ ጉልበት ተዘረጋ። ኳሱ መረብ ላይ አረፈ፣ እሱ ግን የቀኝ ጭኑን ጀርባ ያዘ። ጓደኞቹ ለደስታ ወደ እሱ ሲሮጡ እሱ መራመድ አልቻለም። ባይሴፕስ ፌሞሪሱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። በቀናት ውስጥ አንትወርፕ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ተንጋሎ መቀመጫን ማንሳት፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ሶምሶማ፣ 70 ከመቶ፣ 80 ከመቶ።